ከውጭ ያዘዛችሁት ሲዲ ከቨሩ ውስጥ ሲንኳኳ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላለን ሰዎች

ከውጭ ሲዲ የሚያስመጣ ሰው ዛሬም አለ። አንዱ የድሮ ሙዚቃ ይሰበስባል። ሌላው ኢንተርኔት ላይ ያጣውን ፊልም ይፈልጋል። መንዙማውንም መዝሙሩንም በጥራት መስማት የሚፈልግ አለ። የእኛው የድሮ ዘፈን እንደገና በሲዲና በሸክላ እየታተመ ውጭ አገር ስለሚሸጥ፣ ከዚያ ማዘዝ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ችግሩ እቃው እጃችን ሲገባ ነው። ነቅነቅ ሲደረግ ውስጡ ቅጭ ቅጭ ይላል። ሲከፈት ሲዲው ከመቀመጫው ወጥቷል፣ የፕላስቲክ ስባሪ ተበታትኗል፣ ጀርባው ተፋፍቋል። ሻጩ ጋ ለመክሰስ ሲታሰብ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ይህን ችግር ከጥቂት ዶላር ኪሳራ በላይ አድርጌ ነው የማየው። ብዙዎቻችን የምናዘው ሌላ ቅጂ በቀላሉ የማይገኝለትን ነገር ነው። ስለዚህ ከማዘዝ ጀምሮ ቤት ገብቶ እስኪጫወት ድረስ ምን ምን መደረግ እንዳለበት በዝርዝር ልንገራችሁ። ከሁሉም አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ግን ይህን ያዙልኝ፦ እቃውን መጀመሪያ የሚቀበለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እዚያው ከፍቶ ይየው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚወጣ እንወቅ

የተለመደውን ግልጽ የሲዲ ከቨር ውሰዱ። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ይባላል። ያምራል፣ ግን ተሰባሪ ነው። መሃሉ ላይ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ትንንሽ ጥርሶች አሉ። ሲዲውን የያዙት እነሱ ብቻ ናቸው። ካርቶኑ ከከፍታ ሲወድቅ የሲዲው ክብደት ጥርሶቹን ይመታቸዋል። ሁለት ሦስቱ ቀንጠስ ሲሉ የቀሩት መያዝ ያቅታቸዋል።

ሲዲው መውጣቱ ብቻውን ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ስባሪው ነው። የተቆረጠችው ጥርስ የስንዴ ፍሬ እንኳን አታክልም። ግን ጫፏ ስለታም ነው። ከሲዲው ስር ትገባና መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትፍቃለች። ጭረቶቹን ልብ ብላችሁ ብታዩ ቅስት ቅስት እየሠሩ የሚሄዱ ናቸው፤ ሲዲው ቦታው ላይ ስለሚሽከረከር ነው። ይህ ዓይነቱ ጭረት ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ከሚሄደው ይብሳል። ምክንያቱን ኋላ እንመጣበታለን።

የዲቪዲ ከቨር ለስለስ ባለ ፕላስቲክ ስለሚሠራ እንደ ሲዲው አይሰባበርም። መሃሉ ላይ ተጭነን የምንለቀው ቁልፍ ግን ይላቀቃል። በተለይ አራትና አምስት ዲስክ አንድ ላይ የታጨቀበት ከሆነ አንዱ ሲወጣ ሌላውን ይፍቃል። የወረቀት ኪስ ውስጥ የሚመጣው ደግሞ አይንኳኳም፤ ነገር ግን ከኪሱ በወጣና በገባ ቁጥር ካርቶኑ ይሞርደዋል።

ከማዘዛችሁ በፊት

ሻጩን ምረጡ። በእኔ እምነት ሙዚቃና ፊልም ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ሁሉን ከሚሸጡት ግዙፍ መጋዘኖች የተሻለ ያሽጋሉ። መጋዘኑ ሲዲውን ከሻምፑና ከባትሪ ጋር በአንድ ካርቶን ሊከተው ይችላል። ወይም በስስ የወረቀት ፖስታ ይልከዋል። የገዢዎችን አስተያየት ስታነቡ ስለ ዘፈኑ የተጻፈውን ዝለሉትና ስለ አስተሻሸጉ የተጻፈውን ፈልጉ። «ተሰብሮ መጣ»፣ «እየተንኳኳ ደረሰ» የሚል በተደጋጋሚ ካያችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ የደረጃው ስም እንዳያታልላችሁ። በሸክላና በሲዲ ገበያ «ጉድ» የሚባለው ደረጃ ጥሩ ማለት አይደለም፤ ክፉኛ ያገለገለ ማለት ነው። «ቬሪ ጉድ ፕላስ» እና «ኒር ሚንት» ከሚባሉት በታች ባትወርዱ ይሻላል።

አንድ አንድ እያላችሁ አትዘዙ። ሦስት አራቱን ከአንድ ሻጭ በአንድ ጊዜ ብታዙ በልኩ ካርቶን ተጠጋግተው ይመጣሉ። ትልቅ ካርቶን ውስጥ ብቻውን የሚንከባለል ሲዲ ግን መጥፎ ዕጣ ነው ያለው።

ስታዙ ለሻጩ አጭር ማስታወሻ ጻፉ። ብዙዎቹ ያነባሉ። ለሲዲ «እቃው ሩቅ አገር ስለሚሄድ በጠንካራ ካርቶን አሽጉልኝ» ማለት ይበቃል። ለሸክላ ግን አንድ ነገር ጨምሩ፦ ያልታሸገ ከሆነ ሸክላውን ከካርቶን ከቨሩ አውጥተው፣ በውስጥ ወረቀቱ እንዳለ፣ ከከቨሩ ኋላ አድርገው ይላኩት። ይህን ካላደረጉ ካርቶኑ ሲወድቅ ሸክላው በራሱ ጠርዝ የከቨሩን ስፌት ቀዶ ይወጣል። ሰብሳቢዎች ይህን ልማድ በደንብ ያውቁታል፤ ብትጠይቁ ማንም አይገረምም።

ሌላው ሳይታሰብ የሚታለፈው የሪጅን ጉዳይ ነው። የፊልም ዲቪዲ በዓለም ክፍል ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። የአሜሪካው 1 ቁጥር ነው። የአውሮፓ፣ የመካከለኛው ምሥራቅ፣ የግብጽና የደቡብ አፍሪካ 2 ነው። እኛ 5 ውስጥ ነን። ለብሉሬይ አሜሪካ በ«ኤ»፣ እኛና አውሮፓ በ«ቢ» እንመደባለን። ከቨሩ ጀርባ ላይ ቁጥሩ ያለበትን የዓለም ምልክት እዩ። ዜሮ ወይም «ኦል» ከተባለ የትም ይሠራል። ዲስኩ እንደ መስታወት ንጹህ ሆኖ ዴኩ ካልተቀበለው፣ መንገድ ላይ ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት ይህንን አረጋግጡ። የሙዚቃ ሲዲ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

እቃውን የሚቀበልላችሁ ሰው

አብዛኛዎቻችን በራሳችን ካርድ አንከፍልም። ውጭ ያለ ወንድም፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ ይከፍላል፣ በእሱ አድራሻ ይደርሳል፣ ሰው ሲገኝ ይላካል። ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ዘመዳችን እቃውን አክብሮ ሳይነካው ያስቀምጣል። «ሴሎፎኑ ሳይቀደድ ይድረስላቸው» ይላል። ቅንነቱ ደስ ይላል፣ ግን ይጎዳናል።

የመመለሻው ጊዜ የሚቆጠረው እናንተ ደሴ ላይ ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም። ዘመዳችሁ በር ላይ ከደረሰበት ቀን ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ የኢንተርኔት ገበያዎች 30 ቀን ገደማ ይሰጣሉ። ሰው እስኪገኝ ሁለት ወር፣ በዓል እስኪደርስ ሦስት ወር ሲቆይ፣ ቀኑ አልቋል።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ አንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እህቱ አራት ዲስክ ያለውን ተከታታይ ፊልም እንደታሸገ ሻንጣዋ ውስጥ አስቀምጣ ለፋሲካ ይዛለት መጣች። ሲከፍተው አንዱም ዲስክ ቦታው ላይ አልነበረም። ሻጩን ጠየቀ። ጊዜው አልፏል ተባለ። እህቱ ከእሱ በላይ አዘነች።

ስለዚህ ሳታዙ በፊት ለዘመዳችሁ በቴሌግራም እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«እትዬ፣ እቃው እንደደረሰሽ አደራ ክፈችው፤ ለእኔ ብለሽ እንዳታስቀምጪው። ካርቶኑን ከመቅደድሽ በፊት በስድስቱም ጎን ፎቶ አንሺ። ከዚያ ስትከፍቺው በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ። ሲዲውን ጆሮሽ አጠገብ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ነቅንቂው። ከተንኳኳ ሴሎፎኑን ቅደጂው፤ ካልተንኳኳም ቅደጂው። ሁለቱንም ጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ካርቶኑን እኔ እስክነግርሽ አትጣይው።»

የመነቅነቁ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ጥሩ ምርመራ ነው። በደንብ የተያዘ ሲዲ ድምፅ የለውም። የወጣ ሲዲ ከባድና ደፈን ያለ ድምፅ ያሰማል። ቀጭን የሽክሽክታ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ስባሪ አለ ማለት ነው። ስባሪ ካለ ከዚያ ወዲያ አትነቅንቁት። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ ክፈቱት።

ተጎድቶ ከተገኘ አቤቱታው

በመጀመሪያው ቀን ለሻጩ ጻፉ። ቁጣ አያስፈልግም፤ አጭርና ግልጽ መሆን ነው የሚሻለው። የትዕዛዝ ቁጥሩ፣ የደረሰበት ቀን፣ ስንት ዲስክ እንደነበረና ስንቱ እንደተጎዳ፣ ሦስት አራት ፎቶ፣ በመጨረሻም የምትፈልጉት ነገር። የምትፈልጉትን ሳትናገሩ አትተዉ። «ሌላ ይላክልኝ» ወይም «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብላችሁ ቁረጡት።

ከቨሩ ብቻ ተሰብሮ ዲስኩ ደህና ከሆነ መመለሱ ላያዋጣ ይችላል። የገንዘቡ የተወሰነው ክፍል እንዲመለስ ጠይቁ። ሻጮች ይህን በቀላሉ ይቀበላሉ፤ ለእነሱም እቃው ተጉዞ ከሚመለስ ይሻላቸዋል።

ቀን ስትጽፉ ወሩን በቃል ጻፉት። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ አውሮፓውያን ቀኑን፤ የእኛ አቆጣጠር ሲጨመርበት መምታታቱ አይቀርም።

ሻጩ ዝም ካለ በገበያው በራሱ በኩል ጉዳይ ክፈቱ። ዘመዳችሁ ፔይፓል በሚባለው የኢንተርኔት መክፈያ ከፍሎ ከሆነ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ድረስ ክርክር ማንሳት ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። 30 ቀኑ ቢያልፍም በር አለ ማለት ነው።

በፖስታ በቀጥታ ወደዚህ ከመጣ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ስትረከቡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ካርቶኑን አገላብጡት። ተጨፍልቆ፣ ረጥቦ ወይም ተቀዶ ካያችሁ እዚያው መስኮቱ ላይ ተናገሩና እንዲመዘገብላችሁ ጠይቁ። ፈርማችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። ጉምሩክ ከፍቶት እንደገና የታሸገ ከሆነ ያስታውቃል፤ ስኮቹ ሌላ ዓይነት ነው። በዓለም አቀፉ የፖስታ ሥርዓት ስለ ጠፋ ወይም ስለ ተጎዳ እቃ ጥያቄ የሚቀርበው እቃው በተላከ በ6 ወር ውስጥ ነው። ሻጩም በእሱ በኩል ላኪ ሆኖ መጠየቅ ስለሚችል ፎቶውን ላኩለት።

ሁለተኛው ጉዞ

እቃው ዘመድ ቤት በሰላም ደረሰ እንበል። ሥራው ገና ግማሽ ነው። ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ አውሮፕላን ላይ ይጣላል፣ ቦሌ ይወርዳል። ከዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ጣርማ በርን ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ወደ ደብረ ሲና ጠመዝማዛ ይወረዳል። ቀጥሎ የሸዋ ሮቢት ሙቀት አለ። ከዚያ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ። ለደሴ ሰው ደግሞ የሐረጎ ዳገት ይጨመራል። ያንን ሁሉ ንቅንቅታ የላላ ጥርስ አይችለውም።

ስለዚህ ዘመዳችሁ ዳግም ሲያሽገው እንዲህ ያድርግ። ሲዲውን ከጥርሶቹ ያውጣው። ንጹህና ለስላሳ የሲዲ ኪስ ውስጥ ይክተተው፤ በፕላስቲክም በወረቀትም የሚሸጥ አለ። ባዶውን ከቨር ለብቻው ያሽገው። ሲዲው ያለበትን ኪስ በሁለት ጠንካራ የካርቶን ቁራጮች መሃል ያድርግና ዙሪያውን በስኮች ይሰር፤ ስኮቹ ዲስኩን መንካት የለበትም። እንዲህ ከሆነ ከቨሩ ቢሰበር እንኳ ዲስኩ አይነካም። ከቨር ይተካል፣ ዲስክ አይተካም።

ይህን ማድረግ ካልቻለ አነስ ያለ ዘዴ አለ። ከቨሩን ይክፈትና በሲዲው ጽሑፍ ጎንና በክዳኑ መካከል የታጠፈ ለስላሳ ወረቀት ወይም ስስ ስፖንጅ ያስገባ። ክዳኑ ሲዘጋ ሲዲውን ጫን አድርጎ ይይዘዋል። ማበጥ የለበትም፤ ክዳኑ ሳይገፋ በቀላሉ መዘጋት አለበት።

የሚያመጣው ሰው በእጅ ሻንጣ ቢይዘው ነው የሚመረጠው። የኤርፖርት ራጅ ሲዲም ሸክላም አይጎዳም፣ አትስጉ። ሻንጣ ውስጥ የግድ ከሆነ መሃል ላይ፣ ከታችም ከላይም ልብስ አድርጎ ይክተተው። ጫማና ሽቶ አጠገብ አይሁን።

አውቶቡስ ላይ ሲመጣ እቃ መጫኛው ውስጥ እንዳታስገቡት። እግር ስርም አይሁን፤ ሰው ይረግጠዋል። ሹፌሩ ጋ አደራ ተብሎ ከፊት መስታወቱ ስር የሚቀመጥበት ልማድ ደግሞ ለሸክላ ሞት ነው። ፀሐይ መስታወቱን አልፎ ሲመታው ሸክላ ይጣመማል፤ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ ለዚህ ረጅም ጊዜ አይፈልግም። ሸክላን ሁልጊዜ በቁሙ ያዙት። በአውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ ማምጣት የሚችል ሰው ካገኛችሁማ ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ።

ቤት ሲገባ

ወዲያው አትክፈቱት። በተለይ ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስና ደሴ ሲቀዘቅዝ፣ ከብርድ የመጣ እቃ ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ እርጥበት ይቋጥራል። ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍሉን ይልመድ።

ስትከፍቱት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይሁን። ስር ንጹህ ጨርቅ አንጥፉ። ሲዲው ከወጣ ከቨሩን አትገልብጡት፤ ስባሪው ይንከባለላል። ክዳኑን አንሱና ዲስኩን በጠርዙና በመሃል ቀዳዳው ብቻ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። መጎተት የለም። ከዚያ ስባሪውን ሁሉ ልቀሙ።

ዲስኩ ገና ጥርሶቹ ላይ ካለ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ሰው በአንድ ጎን ጠርዙን ይዞ ይፈነቅላል። እንዲያ ሲሆን ዲስኩ ይጎብጣል፣ ቀዳዳው ዙሪያም ሊሰነጠቅ ይችላል። በአንድ ጣት መሃሉን ተጫኑ፣ በሌላው እጅ ጠርዙን አንሱ። መሃሉ ሳይለቅ ጠርዙን አትግፉ።

አሁን ምርመራ። መስኮት አጠገብ ሄዳችሁ ሁለቱንም ጎን አጋድላችሁ እዩ። ሰው ሁሉ የሚያብረቀርቀውን ጎን ነው የሚያየው። ሲዲ ላይ ግን ይበልጥ ስስ የሆነው ጽሑፍ ያለበት ጎን ነው። የሲዲ ውፍረት 1.2 ሚሊሜትር ነው። መረጃውን የያዘው አልሙኒየም ያለው ከጽሑፉ ስር ሲሆን፣ የሚከልለው በጣም ስስ የሆነ ቫርኒሽና ቀለም ብቻ ነው። በሚያብረቀርቀው በኩል የተጫረ ብዙ ጊዜ ይድናል። በጽሑፉ በኩል ጠልቆ የተጫረ ግን መረጃው ራሱ ሄዷል። የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብሩበት። ጭረቱ ባለበት ላይ ብርሃን ሾልኮ ከታየ ያ ቦታ የለም።

ዲቪዲ ሁለት 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ዲስኮች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ መረጃው መሃል ላይ ስላለ በጽሑፉ ጎን በኩል ከሲዲ ይጠነክራል። ብሉሬይ ተቃራኒው ነው። መረጃው ከሚነበብበት ጎን 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ስለዚህ ጠንካራ ሽፋን አድርገውለታል፣ እናም በቀላሉ አይጫርም። ያንን ሽፋን አልፎ ከተጫረ ግን ማዳን ይከብዳል።

የመሃል ቀዳዳውንም ዙሪያ እዩ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ኮምፒውተር ውስጥ አትክተቱት። ኮምፒውተር ሲዲን «52 እጥፍ» በሚባለው ከፍተኛ ፍጥነት ሲያነብ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ገደማ ያሽከረክረዋል። የተሰነጠቀ ዲስክ በዚያ ፍጥነት ሊፈነዳና ማጫወቻውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ተራ የሙዚቃ ማጫወቻ የሚያሽከረክረው በደቂቃ ከ200 እስከ 500 ጊዜ ነው። የሲዲው ዘፈን የሚጀምረው ከመሃሉ 2.5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ቀዳዳው አጠገብ ያለች አጭር ስንጥቅ ዘፈኑን አትነካም። ቢሆንም እየሰፋች ትሄዳለች። እንዲህ ያለ አዲስ ዲስክ ከደረሳችሁ ያለ ማመንታት ይቀየርልኝ በሉ።

ማጽዳት

ከቨሩ ውስጥ ሲንኳኳ የመጣ ዲስክ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። አብሽሩ። ሲዲ ሲፈጠር ጀምሮ ስህተትን የሚያርም ዘዴ ተሰጥቶታል። መረጃው ተበታትኖ ስለሚጻፍ፣ በመስመሩ ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር ያህል ቢጠፋ እንኳ ማጫወቻው ከሌላው አስልቶ ይሞላዋል። ያኛው የቅስት ጭረት የሚከፋው ለዚህ ነው። መስመሩ ክብ ሆኖ ከመሃል ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ቅስት ጭረት ያንኑ መስመር ተከትሎ ረጅም ርቀት ያጠፋል። ከመሃል ወደ ዳር የሚሄደው ግን እያንዳንዱን ዙር በትንሹ ቆርጦት ያልፋል።

ስለዚህ ስትጠርጉም ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጉ። ክብ እያዞሩ መጥረግ ክልክል ነው።

አቧራ ብቻ ከሆነ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይበቃል። ሶፍት አትጠቀሙ፤ ይጭራል። ነጠላ ወይም የለበሳችሁትን ቲሸርትም ተዉት፣ በተለይ አቧራ ካለበት። የጣት አሻራ ወይም ቅባት ካለ ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። በደንብ አለቅልቁት። አራግፉና በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጉ። ፀሐይ ላይ አታስጡት። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ስለሚያበላሹ አጠገቡም እንዳይደርሱ።

የጥርስ ሳሙና ጉዳይ ሁሌ ይነሳል። ለሲዲና ለዲቪዲ ቀለል ላለ ጭረት አንዳንዴ ይሠራል፤ ነጩንና አሸዋማ ያልሆነውን፣ በትንሹ፣ አሁንም ከመሃል ወደ ዳር። ነገሩ ፕላስቲኩን እየሞረደ ማለስለስ ነው። ስለዚህ ሻጩ ጋ አቤቱታ ካላችሁ መልስ እስክታገኙ አትንኩት። ብሉሬይ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

መሞከርና መገልበጥ

አንድ ዘፈን ሰምቶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም። ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ጀምሮ ወደ ውጭ ነው። ልቅ ሆኖ የመጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ዳሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች አስቀድማችሁ ስሙ። ፊልም ከሆነ መሃሉንም መጨረሻውንም እዩ። ሥዕሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ከተበታተነ ወይም ቆሞ ከቀረ ደቂቃውን ጻፉት። ሌላ ዴክ ላይ ደግማችሁ ሞክሩ። አንዱ ዴክ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል፤ አንዳንዴ የቆሸሸው የማጫወቻው ሌንስ ራሱ ነው።

የሙዚቃ ሲዲ ከሆነ በዚያው ቀን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማንበብ ያቃተውን ቦታ ደጋግሞ ይሞክርና የትኛው ዘፈን ላይ ስህተት እንዳለ ጽፎ ያስቀምጣል። ያ ጽሑፍ ለሻጩም ማስረጃ ይሆናል። የሚገለበጠው ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ቢሆን ጥራቱ አይቀንስም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምትሰሙት ከፍላሹ ይሁን፣ ዋናው ሲዲ ይረፍ።

አሁን አብዛኞቹ ላፕቶፖች ሲዲ ማስገቢያ ስለሌላቸው በዩኤስቢ የሚሰካውን ማጫወቻ ከጓደኛ ጋር ተዋውሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

የተሰበረውን ከቨር መቀየር

መደበኛው የሲዲ ከቨር ልኩ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፦ 142 በ125 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 10። ስለዚህ የማትፈልጉትን የማንኛውንም ሲዲ ከቨር መጠቀም ይቻላል። ድሮ ሲዲ ይሸጡ የነበሩ ሙዚቃ ቤቶችን ጠይቁ፤ ፒያሳ አካባቢ ጥግ ላይ የተከመረ ባዶ ከቨር ካለ በርካሽ ይሰጧችኋል።

ከቨሩ ደህና ሆኖ ጥርሶቹ ብቻ ከተሰበሩ ውስጠኛውን መቀመጫ ብቻ ቀይሩ። ክዳኑን ክፈቱ። መቀመጫውን ከክዳኑ ማጠፊያ በኩል በጥፍር ወይም በስስ የፕላስቲክ ካርድ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ጠቅ ብሎ ይለቃል። ስሩ የጀርባው ወረቀት አለ፤ ጎንና ጎኑ ታጥፏል፣ እጥፋቱን ጠብቁ። ወረቀቱን ባለበት አቆዩና አዲሱን መቀመጫ በላዩ አድርጋችሁ አራቱንም ጥግ ጫን ጫን አድርጉ። በግድ ከገባ ወረቀቱ ተጣጥፏል ማለት ነው፤ አውጡና እንደገና ሞክሩ። ሲዲውን ከማስገባታችሁ በፊት ባዶውን ነቅንቁት። ምንም ድምፅ ከሌለ ሲዲውን መሃሉን ተጭናችሁ አስገቡት፤ ጠቅ ሲል ይሰማል።

የካርቶን ከቨር ላይ የተለጠፈ መቀመጫ ከሆነ ግን መንቀል ካርቶኑን ይገነጥለዋል። እሱን ተዉትና ሲዲውን በለስላሳ ኪስ አድርጋችሁ ከከቨሩ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።